ቢጫዋ ጭረት

አንጁሎ «አረፉ» ተባለለት። ባለፈው ጥር፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ፣ ቤቱ ደጃፍ በተተከለው ድንኳን ሥር፣ የእድራችን ጸሐፊ ተስፋሁን መነጽሩን አድርጎ የሕይወት ታሪኩን አነበበ። «አቶ አንጁሎ በኦቾሎ ተወለዱ፣ በጨንቻ ተማሩ፣ መሥሪያ ቤታቸውን በታማኝነት አገለገሉ፣ አረፉ።» ለቀስተኛው አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ሰውየው በቁሙ ሳለ ከመሥሪያ ቤታችን አንድ ሰው እንኳን «አንቱ» ሲለው ሰምቶ አያውቅም። ይህችን ለማግኘት መሞት ነበረበት።

ይህስ ይሁን፤ የባሰው ቀጥሎ መጣ። «በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት በነበረው ሁኔታ የመስማት ጉዳት ደረሰባቸው» ብሎ አነበበ፣ ድምፁ ቅንጣት ሳይንቀጠቀጥ። ደረሰባቸው። ጉዳቱ በራሱ እግር ተነሥቶ፣ መንገድ ጠይቆ፣ አንጁሎ ጋ ደረሰ እንበል? ዕድሜዬን ሙሉ ታይፒስት ሆኜ የኖርኩ ሰው ነኝ። በጽሕፈት መኪና ላይ ስንት ደብዳቤ መታሁ፤ ባለቤቱ የጠፋ ግሥ ስሰማ አንድ ሰው እንደተደበቀ ይገባኛል። ጉዳቱን ማን እንዳደረሰው በዓይናችን ካየነው ውስጥ በዚያ ድንኳን የተገኘን ሁለት ሰዎች ነበርን። አንዱ ወረቀቱን ያነብ ነበር። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ።

እንግዲህ እኔ ልናገረው። አንጁሎንም «እሱ» እያልኩ ነው የማወራው። ድንኳን ውስጥ የተሰጠውን ዓይነት አክብሮት ከሞተ በኋላ ላለብሰው አልፈልግም። ምክንያቱን ወደ ኋላ ታገኙታላችሁ።

አባቴ የደብረ ብርሃን ሰው ነው። መንግሥት ወደ አርባ ምንጭ አዛውሮት እኛን ይዞ መጣ፣ እኔም እዚሁ አድጌ እዚሁ ሥራ ያዝኩ። ሲቀላ ገበያው አጠገብ ባለ አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆንኩ። በአማርኛዬ የምመካ ጉረኛ ነበርኩ፤ ቋንቋው ከእናቴ ጓዳ የወጣ የግል ዕቃዬ ይመስል የሰውን ሁሉ አፍ አርም ነበር። አስተማሪ መሆን ተመኝቼ ሳይሳካልኝ ስለቀረ ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ ቢጫ ጠመኔ አይጠፋም። ዕድሜዬ ያኔ ሃያ አራት ነው። አንጁሎ ከአርባ አምስት በላይ ነበር፣ የመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ ነው፣ እኔም እንደ ሁሉም ሰው «አንተ አንጁሎ፣ ና ይህን ፖስታ ሴቻ አድርስ» እለው ነበር። የአባቴን እኩያ። አፌን አልያዘኝም።

እሱም እኔን «አንተ» ይለኝ ነበር። የንቀት አይደለም፤ በእሱ ቋንቋ፣ በጋሞኛ፣ ለወንድም ለሴትም የሚባለው አንድ ነው፣ «አንቺ» የምትባለዋ ነገር በሕይወቱ ሙሉ አልገባችውም። «አልማዝ፣ አንተ ምሳ በላህ?» ሲለኝ ሰው ይስቅ ነበር። እኔ ደግሞ እቆጣለሁ። «አንቺ በል» እለዋለሁ፣ እሺ ይላል፣ «እሺ፣ አንተ እንዳልክ» ይላል። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነው፤ ሲሄድ እንኳን የሚያዳምጥ ይመስል ራሱን ወደ ግራ ያዘነብላል። ከግራ ጆሮው ላይ ትንሽ ሬዲዮ አትለይም ነበርና አንገቱ እንደዚያው ቀረ።

ከመላላክ ሌላ አንድ ሥራ ነበረው፣ የሚወደውም እሱን ነው። በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ፣ ወደ ገበያው ዞሮ የቆመ ጥቁር ሰሌዳ ነበር። አንጁሎ በየማለዳው የአገራችንን ሬዲዮ ዜና ሰምቶ በነጭ ጠመኔ እዚያ ላይ ይጽፋል። እጅ ጽሑፉ ያማረ ስለሆነ ነው የተሰጠው። ሰሌዳውን የሚያጠፋው ወንድሙ በሸመነው የጥጥ ቁራጭ ነው፤ ሌላ ጨርቅ ፊደል ያቆሽሻል ይል ነበር። ከጫኖ ሙዝ ይዘው የሚመጡ ገበሬዎች፣ ሾፌሮች፣ ከኦቾሎ የወረዱ ሸማኔዎች ሰሌዳው ሥር ይቆማሉ፤ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ያነባል።

የግሥ መጨረሻ ግን አበሳውን አሳየው። «ተናገረ» ነው «ተናገሩ»? ማንን ነው የሚያከብሩት? ተጨንቆ ተጨንቆ በመጨረሻ የራሱን ሕግ አወጣ። ግዕዝ ለውጭ ሰው፣ ካዕብ ለእኛ ሰው። የውጭ መሪ ከሆነ «ተናገረ»፣ የእኛ ከሆነ «ተናገሩ»። አለቀ። ሰሌዳው ጠባብ ስለሆነ የአገር ስም ያሳጥራል፣ ምሥራቅ ጀርመን «ም/ጀ» ነበረች፤ ግን ማንም አይቸገርም፤ የመጨረሻዋን ፊደል ያይና ነገሩ የሌላ አገር መሆኑን ያውቃል። የትኛው አገር እንደሆነ የፈለገ አንጁሎን ይጠይቃል። ገበያተኛው ሁሉ ይህንን ሕግ ለምዶት ነበር። ትክክለኛው አማርኛ ይኸው የሚመስላቸውም ነበሩ።

እኔ አንዳንዴ ማለዳ፣ ሌላ ሰው ሳይገባ፣ በቢጫ ጠመኔዬ ወጥቼ «ሩሲያ ለቀቀ» የሚለውን «ለቀቀች» እለዋለሁ። እሷን ይተውልኛል። ካዕቡን እንዳልነካበት ግን አጥብቆ ለምኖኛል። «እሱን ተወው፣ አልማዝ። ሰው በእሱ ነው የሚያነበው» ብሎኛል። ይህን ቃል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም።

ያ ዓመት፣ ፈረንጆቹ ሰማንያ ዘጠኝ የሚሉት፣ ሰሌዳው የማይበቃው ዓመት ነበር። የካቲት ላይ ሩሲያ ከአፍጋኒስታን ወጣች። አንጁሎ ካርታ አይቶ ተራራ መሆኑን ሲያውቅ አልገረመውም፤ ኦቾሎም ሽቅብ ነው፣ ሊገዛን የመጣው ሁሉ ግማሽ መንገድ ላይ ውኃ ይለምን ነበር አለኝ። ግንቦት ላይ እዚሁ አገራችን ጄኔራሎቹ ያሰቡት ግልበጣ ሳይሳካ ቀረ፤ ያን ሳምንት ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ከበላይ የተሰጠው ብቻ ነው፣ ሁሉም በካዕብ። ሰኔ ሊገባ ሲል የቻይናዎቹ ልጆች አደባባይ ላይ በታንክ ተጨፈጨፉ። የእኛ ሬዲዮ በሹክሹክታ ነው ያለፈው፤ አንጁሎ ከሌላ ጣቢያ ሰምቶ ኖሯል። ሰሌዳው ላይ አልጻፈውም። እኔ ጋ መጥቶ ግን የታይፑ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመ።

በእነሱ አገር ዱቡሻ የሚባል የስብሰባ ሜዳ አለ፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው እስኪግባቡ ድረስ የሚነጋገሩበት። ጠብ ከተነሣ አንድ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ መሐል ይገባል፣ ሣር የያዘን ሰው አልፎ የሚመታ የለም። አንጁሎ የቻይናን ነገር የሚመዝነው በዚህ ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ የያዘ አገር ሣር የሚይዝ አንድ ሽማግሌ አጣ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔ የማውቅ ይመስል። 

አሁን ተስፋሁንን ላምጣው። ያኔ ጓድ ተስፋሁን ነው፤ የመሥሪያ ቤታችን የፓርቲ ሰው፣ ካኪው የተተኮሰ፣ ሲናገር እጁን የሚያወናጭፍ። ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን በስብሰባ ላይ የአንጁሎን ሰሌዳ መሳቂያ አደረገው። የእንግዳ ሰው ዓይን ያየዋል፣ አማርኛው ያሳፍራል፣ የወዳጅ አገር መሪ እንደ ጎረቤት ልጅ «መጣ፣ ሄደ» ይባላል ወይ አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረና፣ «እናንተ ቋንቋ የምታውቁት እያላችሁ» አለ። ሰው ሳቀ። አንጁሎ ከኋላ ቆሞ ነበር፣ እሱም ሳቀ፣ ምን ያድርግ። እኔ ደግሞ ፊቴ ጋለ። ስለ አንጁሎ የተቆጣሁ ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ። የተቆጣሁት ግን ስለ ራሴ ስም ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሬዲዮው የምሥራቅ ጀርመኑ ሊቀመንበር ከሥልጣን መውረዳቸውን ተናገረ። አንጁሎ እንደ ልማዱ ጻፈና ፖስታውን ይዞ በእግሩ ወደ ላይኛው ከተማ፣ ወደ ሴቻ ወጣ። እኔ ስገባ ሰሌዳውን አየሁት። «የም/ጀ ሊቀመንበር ሥልጣን ለቀቀ።» የትናንቱ ሳቅ ጆሮዬ ላይ ነበር። ቢጫ ጠመኔዬን አወጣሁና የመጨረሻዋ «ቀ» ላይ አንዲት ጭረት ጨመርኩ። ለቀቁ። እጄን አራግፌ፣ ኮራ ብዬ፣ ታይፔ ጋ ሄጄ ተቀመጥኩ።

የእኛው ሰውዬ ሊቀመንበር መባሉ ቀርቶ ፕሬዚዳንት ከተባለ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። በሕዝቡ አፍ ግን ሊቀመንበር ማለት እሱ ነው። ደግሞ የገበያ ቀን ነበር፤ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት የቀበሌ ሰው ሁሉ ለዘመቻ ወጥቶ ቦይ ይቆፍራል። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሰሌዳውን ጮክ ብሎ አነበበ። ቦዩ ውስጥ የነበሩ አንድ የኦቾሎ ሽማግሌ ቀና አሉ። መስኮቴ ክፍት ስለነበር ሰምቻቸዋለሁ።

«ቀ ነው፣ ቁ ነው?»

«ቁ ነው፣ አባ» አለ ሾፌሩ።

ሽማግሌው አካፋቸውን አስቀመጡ። ቀስ ብለው አስቀመጡ፣ ከቦዩ ወጡ፣ እጃቸውን በቁምጣቸው ጠርገው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። ቀጥሎ ያለውም አስቀመጠ። ከዚያ ቀጥሎ ያለችውም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቦዩ ባዶ ሆነ። የጫኖ ሰዎች ሙዛቸውን ትተው ሰሌዳው ሥር ተሰበሰቡ፣ ወንድ ልጁ ግንባር ያለ ሁሉ ያለቅስ ጀመር፣ መኪና ማቆሚያው ጋ የነበሩ ሴቶች እልል አሉ። እኔ ታይፔ ላይ ሆኜ ምን ተፈጠረ እላለሁ። ነገሩ የገባኝ አንዱ ባልደረባዬ ሮጦ ገብቶ «ሰውየው ወረደ፣ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል» ሲል ነው።  ሮጬ ወጥቼ ጭረቷን ላጥፋት ብል የሰው ግንብ መሐል መግባት ነው። ደግሞ ፈራሁ። ዋናው እሱ ነው፣ ፈራሁ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ሚሊሺያዎች መጥተው ገበያውን በተኑት፣ ሰውን ወደ ቦዩ መለሱት። ተስፋሁን እኛን በሙሉ ግቢው ውስጥ አሰለፈን። አንጁሎ ከሴቻ ባዶ ቦርሳውን ይዞ የደረሰው ልክ በዚያ ሰዓት ነው፤ ምኑንም ሳይሰማ ሰልፉ ጫፍ ላይ ቆመ። ዜናው ከመንግሥት ሬዲዮ የተገለበጠ ስለሆነ በዚያ ሊከሰስ የሚችል ሰው የለም። ተስፋሁን ግን የሚያስረክበው ሰው ያስፈልገዋል፣ አለዚያ ተጠያቂው እሱ ነው። ሰሌዳውን አስመጣና ጣቱን አሳረፈባት።

«ይቺን ቢጫ ጭረት ማን ነው ያደረጋት?»

አንጁሎ ሰሌዳውን አየ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየው። ወደ እኔ አልዞረም፤ ቢዞር ኖሮ ሁሉም ዓይን ይከተለው ነበር፣ ያን አውቋል። እኔ ከእሱ አራተኛ ነኝ። ቢጫው ብናኝ ጣቶቼ ላይ ነበር፣ ጥቁር ጉርዴ ላይ ስጠርገው እዚያም ታየ። አንድም ሰው አላየኝም። ማን ታይፒስቷን ይጠረጥራል።

«እኔ ነኝ» አለ አንጁሎ።

ተስፋሁን ጠመኔው የታለ አለው። ጠፋ አለ አንጁሎ። ተስፋሁን ሁለት እጆቹን ዘርግቶ በአንድ ጊዜ ሁለቱን ጆሮዎቹን መታው። ከዚያ ደገመው። ሦስተኛው ላይ ደም በግራ ጆሮው በኩል፣ በዚያ በሬዲዮው ጆሮ፣ ወደ አንገቱ ወረደ። ስማችሁን የማልጠራችሁ ባልደረቦቼ፣ አሥራ አንድ ነበርን። ማናችንም ሣር አልያዝንም። ይዘውት ሄዱ።

ስምንት ወር ታሰረ። በማግስቱ ተስፋሁን ጠራኝና ሰሌዳው ካሁን በኋላ በንጹሕ አማርኛ እንዲጻፍ፣ የምጽፈውም እኔ እንደሆንኩ ነገረኝ። ጻፍኩ። ወይ ነዶ፣ ጻፍኩ። የሚጻፈውን ወረቀት እሱ ይሰጠኛል፣ እኔ እገለብጣለሁ። የበርሊን ግንብ የፈረሰ ሰሞን፣ ዓለም ሁሉ ያንን ሲያይ፣ እኔ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ስለ ሙዝ ምርት ነው። የሩማንያው መሪ ከሚስቱ ጋር ሲረሸን እኔ የስብሰባ ጥሪ ጽፌአለሁ፣ ካዕቡ አንድም ሳይጎድል። ሰሌዳው ሥር የሚቆም ሰው ግን ጠፋ። ወህኒ ቤቱ ከመሥሪያ ቤታችን የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ አንድ ቀን እንኳን ስንቅ ይዤ አልሄድኩም።

ሰኔ ላይ ሲፈታ ጨርሶ አይሰማም ነበር። ሥራውን አልመለሱለትም። ጫኖ፣ የሚስቱ ወንድም የሙዝ ማሳ ላይ ሊሠራ ሄደ። ሬዲዮዋን ለማን እንደሰጣት አላውቅም።

በዓመቱ ግንቦት የእኛው ሊቀመንበር በእርግጥ አገር ጥሎ ሄደ። ሲቀላ ላይ ሰው መሥሪያ ቤቱን ሰብሮ ገባ፣ ያ ሰሌዳም ተሰባብሮ መሬት ላይ ወደቀ። እኔ ከስብርባሪው የክንድ ያህል አነሣሁና በእግሬ ወደ ጫኖ መንገድ ጀመርኩ። በዚህ አገር ይህን ወሬ ያልሰማ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው፣ የሚነግረው ደግሞ እኔ መሆን አለብኝ አልኩ።

ቦይ ሲያጸዳ አገኘሁት። ሲያየኝ አካፋውን ተደግፎ ቆመ። ስባሪው ላይ በቢጫ ጠመኔ ጻፍኩለት፤ «ሊቀመንበሩ አገር ጥለው ሄዱ።» ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ አነበበና «ዱ»ዋ ላይ ቆመ።

«የእኛ?» አለ። ድምፁን መመጠን ስለማይችል ማሳው ሁሉ ሰማው።

ራሴን ነቀነቅኩ። ሳቀ። ካዕቧን ደግሞ አየና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። ያኔ የሆነውን ማውራት የጀመረው እሱ ነው። ጭረቷ የማን እንደሆነች ገና ግቢው ውስጥ ሳለ እንዳወቀ፣ ሁለት ሰው ከሚታሰር አንድ ይበቃል ብሎ እንዳሰበ ነገረኝ፣ የገበያ ነገር የሚያወራ ይመስል። በዚያስ አላዘነብኝም። ቂሙ ሌላ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ሲቆጣ ያየሁት ያንን ቀን ብቻ ነው።

«ለጀርመኑ ሰውዬ ካዕብ ሰጠህ» አለ። «አታውቀውም፣ አያውቅህም፣ ሰጠህ። እኔ ውኃ አመጣሁልህ፣ ፖስታህን ተሸከምኩ። ለእኔ አንድ ቀን ሰጥተህ አታውቅም።»

 የጻፍኩትን አጠፋሁና ሌላ ጻፍኩ፤ «አቶ አንጁሎ፣ ይቅር ይበሉኝ።» ስባሪውን ከእጄ ወሰደው።  ከዚያ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ የ«ሉ»ን ጭረት፣ እሷን ብቻ፣ ቀስ ብሎ ጠረጋትና መለሰልኝ። የቀረው «ይቅር ይበለኝ» ነው።

«ይሄን እግዜርን ጠይቅ፣ አልማዝ» አለኝ። «እሱ ካዕብ አይፈልግም።»

ጸሎት ቤታቸው በዚያ መንግሥት ታሽጎ ሳለ እቤቱ ውስጥ በሹክሹክታ ሲጸልይ የኖረ ሰው ነው፤ የሚለውን ያውቃል። ለእንግዳ እንደሚደረገው አንድ እጅ ሙዝ ቆርጦ አሸከመኝና እስከ መንገዱ ሸኘኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «እርስዎ» እለው ነበር። ኋላም ሲቀላ ጎረቤት ሆነን በየጠዋቱ «እንደምን አደሩ» አልኩት። አንዱንም አልሰማም።

ስለዚህ ባለፈው ጥር ተስፋሁን አንብቦ ሲጨርስ ተነሣሁ። ወረቀቱ የእድሩ መዝገብ ውስጥ ስለሚቀመጥ አንድ የፊደል ስሕተት ላርም ብዬ ለመንኩት። እሱም አርሚው ብሎ ሰጠኝ፣ አራሚነቴን ያውቃል። እስክሪብቶ አውጥቼ «ጉዳት ደረሰባቸው» የሚለውን ሰረዝኩና ከላዩ ጻፍኩ፤ «ተስፋሁን ጆሮውን መታው። ጭረቷ የአልማዝ ነበረች፣ አልማዝ ዝም አለች።» ለሦስታችንም ካዕብ አልጨመርኩም።

መነጽሩን እንደገና አድርጎ አነበበው። ደጋግሞ አነበበው። የሚታረም ፊደል አላገኘበትም።